ማተብ የሌለው ቁራኛ

«ማል!» አሉ ዳኛው።

«አልምልም፣ ጌታዬ» አለ ካሣሁን።

ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ፣ አራዳ ገበያ ዳር፣ ችሎት በሚዋልበት ዛፍ ሥር የቆመው ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። የአራዳ ሰው ያላየው የመሐላ ዓይነት የለም። በሐሰት የሚምለውን ያውቀዋል፤ በአንድ ቀን ሦስት ታቦት የሚጠራውን ያውቀዋል፤ «ማርያምን!» ሳይል ዋጋ የማይናገረውን ነጋዴማ ከነዘር ማንዘሩ ያውቀዋል። አልምልም የሚል ሰው ግን አጋጥሞት አያውቅም።

«በመስቀሉ አትምልም?»

«አልምልም።»

«እንግዲያው እስላም ነህ። በቁርዓን ማል።»

«በዚያም አልምልም። የሆነውን ግን እናገራለሁ።»

«ሰውዬ፣ ለመሆኑ ሃይማኖትህ ምንድን ነው?»

«የትኛው ጌታዬ ቤት ሳለሁ?» አለ ካሣሁን።

ሕዝቡ ሳቀ። እሱ ግን ለማሳቅ ብሎ አልነበረም። ከጉራጌ አገር በልጅነቱ ተማርኮ ሲወጣ የመጀመሪያው ጌታው ክርስትና አስነስተው ካሣሁን አሉት። ሁለተኛው የጅማ ነጋዴ ነበሩና አብዱልሃሚድ ብለው ሶላት አስተማሩት። ሦስተኛው ደግሞ እንደገና ክርስትና አስነሱት። እሳቸው ሲሞቱ ነጻ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ጊዮርጊስ ደጅ የአስቀዳሾችን በቅሎ እየያዘ በሚሰጡት ይኖራል። አንገቱ ባዶ ነው፤ ማተብም ክታብም የለበትም።

«ጌቶቼ ሲሸጡኝ ‹ጤነኛ ነው› ብለው እየማሉ ነው የሸጡኝ» አለ። «አንደኛውማ በወባ እየተንቀጠቀጥኩ ነው የማሉልኝ። ከዚያ ወዲህ መሐላ ይቀፈኛል።»

ከሳሹ አቶ ወርቅአፈራሁ አልሳቀም። ወርቅአፈራሁ የአቡጀዲ ነጋዴ ነው፤ የጊዮርጊስ ማኅበርተኛ፣ ረቡዕና ዓርብን የማይሽር፣ ሰው ሁሉ «እግዜርን የሚፈራ» የሚለው። ባለፈው የጊዮርጊስ ዕለት በቅሎውን ለዚህ ሰው አስይዞ ቅዳሴ ገባ፤ ሲወጣ በቅሎዋ የለችም። ካሣሁን የሚለው፣ አፉን በነጠላ የሸፈነ ሰው መጥቶ «አቶ ወርቅአፈራሁ ልከውኝ ነው» አለው። ሲያመነታበት ወደ መቅደሱ ዞሮ «ጊዮርጊስን!» ብሎ ማለለት። ሰጠው።

«የማትምለው ሰውዬ በመሐላ አመንክ?» አሉ ዳኛው።

«እናንተ ስታምኑበት አይቼ ነዋ!»

ይህች ቃል ወርቅአፈራሁን አንጨረጨረችው። በቅሎዋ ከመሄዷ ይልቅ ይህ አንገተ ባዶ በሰው ፊት መልስ መስጠቱ አበሸቀው።

ዳኛው «ዋስ አለህ?» ቢሉ፣ «ማን ይዋሰኛል?» አለ ካሣሁን። ወገን የሌለው ሰው ዋስ የለውም። እንግዲህ የማይምል፣ ዋስም የማይጠራ ሰው ምን ይደረጋል? ዳኛው የጥንቱን ፈረዱ።

«ይቆራኙ። ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ታስረው ይቆዩ። በሚመጣው የጊዮርጊስ ዕለት ከሳሽ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ መስቀል መትቶ ይማል። ከማለ ነገሩ አለቀ፤ ተከሳሹ አርባ ጅራፍ ይገረፍና በእግር ብረት ይታሰር።»

አርባ ጅራፍ ሲባል ሳቁ ቀጥ አለ። ከአርባ ጅራፍ ወዲያ የተነሳ አለ፤ ያልተነሳም አለ።

ዘበኛው የወርቅአፈራሁን ቀኝ ከካሣሁን ግራ እጅ ጋር አቆራኘ። ለወርቅአፈራሁ ቁልፉን ሲሰጠው፣ ወርቅአፈራሁ ማተቡን ፈትቶ ቁልፉን ከክሩ ጋር አድርጎ መልሶ አንገቱ ላይ አሰረው። «ከዚህ የበለጠ የታመነ ቦታ አላውቅም» አለ። ችግሩ ማተቡ አጭር መሆኑ ነው። የካሣሁንን ጓጉንቸር ለመቆለፍ ወገቡን አጥፎ፣ አንገቱን እስከ ሰውየው እጅ ድረስ ማውረድ ነበረበት።

«ከሳሽ ሰገደለት!» ብሎ ጮኸ አንድ የአራዳ ቀልደኛ። ወርቅአፈራሁ ጆሮው ድረስ ቀላ።

ቁራኝነት ከጋብቻ ይብሳል። ባልና ሚስት ቢኳረፉ ፊት ያዟዙራሉ፤ ቁራኛ ግን የት ይዞራል? ወርቅአፈራሁ ሲበላ ካሣሁን አጠገቡ ነው፤ ሲተኛ አጠገቡ ነው፤ ሚስቱ አስካለ ከመጋረጃ ወዲያ ብቻዋን ትተኛለች። ጠዋት ለጸሎት ቆሞ ሲያማትብ ደግሞ ሰንሰለቱ የካሣሁንን እጅ አብሮ ይስበዋል። ወርቅአፈራሁ ግንባሩን ሲነካ የካሣሁን እጅ ሽቅብ ይወጣል፤ ደረቱን ሲነካ ይወርዳል። አስካለ ይህን አይታ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች።

«ሲዖልን አትፈራም?» ብሎ ጠየቀው ወርቅአፈራሁ አንድ ቀን።

«ብዙ ጌታ ነበረኝ፤ ሲዖል የሚወስደኝ ግን ገና አልገዛኝም» አለ ካሣሁን።

ወርቅአፈራሁ በዚህ አልሳቀም፤ ፈራ እንጂ። እግዜርን የሚፈራ ሰው ቢያንስ የሚይዘው ልጓም አለው። ይህን ሰው ግን ምን ይይዘዋል? አንድ ሰንሰለት። ሰንሰለቱን ደግሞ አንዲት ቁልፍ። ቁልፏም ያለችው እሱ በተኛበት ጉሮሮው ላይ ነው።

ኅዳር ሲገባ በሽታው መጣ።

መጀመሪያ ጉንፋን ነው ተባለ። ቀጥሎ ሰው ከአፍንጫው ደም እየወረደ በቆመበት ይወድቅ ጀመር። ገበያው ተፈታ፤ ችሎቱ ተበተነ፤ ዳኛውም ተኙ። ቀባሪ ጠፍቶ ሬሳ ከየደጁ አደረ። የጊዮርጊስ ደወል መጀመሪያ ለሞተ ሁሉ ይደወል ነበር፤ ኋላ ደዋዩም ሞተ መሰለኝ ዝም አለ። የወርቅአፈራሁ አሽከሮች አንድ በአንድ ሹልክ አሉ። ከጉለሌ ደግሞ የአስካለ ወንድም አጥናፉ ታሟል የሚል መልእክት መጣ። አንድ ወንድሟ ነው። እያለቀሰች ሄደች፤ መመለስም አልቻለችም።

ቤቱ ውስጥ ሁለቱ ቀሩ። ወርቅአፈራሁም ታመመ።

ሰውነቱ እንደ ፍም ጋለ፤ ጉሮሮው አበጠ፤ ዓይኑን ሲገልጥ ጣራው ይዞራል። «ውሃ፣ ውሃ» ይላል። እንስራው ደርቋል። የተቆራኘ ሰው እንዴት ምንጭ ይወርዳል? ካሣሁን አጠገቡ ቁጭ ብሎ ያየዋል። ያ አስተያየቱ ወርቅአፈራሁን ከበሽታው ይልቅ አስፈራው። አሁን ነው፣ አለ በልቡ። የሚያየው ሰው የለም፤ የሚሰማ ጎረቤት የለም፤ በየቤቱ ሬሳ በሞላበት ሰሞን ለአንድ ሬሳ ማን ይጠይቃል?

ረፋዱ ላይ አንድ እጅ ጉሮሮው ሥር ገባ።

ሊጮህ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣም። ጣቶቹ ማተቡን ያዙ። ክሩ ሲጠብቅ ተሰማው፤ የሰውየው ትንፋሽ ፊቱ ላይ ነበር። ጊዮርጊስ ድረስ፣ አለ። በነጻው እጁ ሊገፋ ሞከረ፤ እጁ ግን ከመደቡ አልነሳ አለ። ከዚያ የጓጉንቸሩ ድምፅ ጠቅ አለ። ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም።

ሲነቃ ፀሐይዋ ዞራለች። ቀኝ እጁን አነሳ። ሰንሰለቱ ቀለል ብሎ ተነሳ፤ ጫፉ ላይ ያለው ቀለበት ባዶ ነው። ካሣሁን የለም።

ወርቅአፈራሁ መጀመሪያ የተሰማው ምን ነበር? ደስታ! ነውር ቢሆንም እውነቱ ይህ ነው። ይኸው፣ አላልኩም? አለ። ማተብ የሌለው ሰው ይኸው ነው። ደስታው ግን አንድ ትንፋሽ አልቆየም። ልክ መሆኑ ውሃ አላጠጣውም። ብቻውን እንደሚሞት ገባውና እንደ ሕፃን አለቀሰ።

በሩ ተንቋቋ። ካሣሁን ነው፤ እንስራ ተሸክሟል፤ ልብሱ ረጥቦ ሰውነቱ ላይ ተለጥፏል። ምንም ሳይል ተንበርክኮ ቀና አደረገውና በቅል አጠጣው። አንዴ ሲያንቀው አቆመ፤ መልሶ አጠጣው።

«ማተቤን…» አለ ወርቅአፈራሁ።

«አንቆዎት ነበር። አንገትዎ አብጦ ትንፋሽዎ ሲቆራረጥ አላላሁት። ቁልፉም እዚያው ነው፤ ይዳስሱት።»

ዳሰሰው። ማተቡም አለ፣ ቁልፉም አለ።

ካሣሁን እንስራውን ጥግ አስይዞ ተመለሰና ባዶውን ቀለበት ከመሬት አነሳ። እጁን አስገባ። ጓጉንቸሩን በራሱ እጅ ዘጋው።

«ምን ታደርጋለህ?»

«ፈትቼ ብቀመጥ እርስዎ በፍርሃት አይተኙም። መተኛት ደግሞ አለብዎት።»

«ለምን ተመለስክ?»

ካሣሁንን ጥያቄው አናደደው። «እኔ ምን አውቃለሁ! ወደ አገሬ በሚወስደው መንገድ እስከ ወንዙ ወርጄ ነበር። መንገዱን ሙሉ ስሰድብዎት ነው የሄድኩት። ወንዙ ጋ ስደርስ ውሃውን አየሁት፤ እርስዎ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ ውሃ ይሉ ነበር።» እጁ ላይ ያለውን ቀለበት አስተካከለ። «ልጅ ሆኜ ታምሜ ነጋዴዎቹ መንገድ ላይ ጥለውኝ ሄደዋል። ውሃ የሚል ሰው እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ።»

«እግዜርን ካልፈራህ እኔን ከመግደል ምን ያዘህ?»

ካሣሁን ትክ ብሎ አየው። «ለመሆኑ ጊዮርጊስ ፈረሳቸውን ወደዚያ አዙረው ባያዩዎት፣ እርስዎ ያርዱኝ ኖሯል?»

ወርቅአፈራሁ መልስ ፈለገ። አላርድህም እንዳይል፣ ታዲያ ምን ይዞህ ሊለው ነው። አርድሃለሁ ካለ ደግሞ ይህን ሁሉ ዘመን ያስቀደሰው ማን ነበር? ደግነቱ ሳል መጣበትና አተረፈው።

እንዲህ ሆነው ሰነበቱ። ካሣሁን ውሃ ሲያስፈልግ ወደ አንገቱ ጎንበስ ብሎ ጓጉንቸሩን ይከፍታል፤ ይሄዳል፤ ይመለሳል፤ ይዘጋል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ቀቅሎ አጠነው፤ ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ አበላው፤ ላቡን ጠረገለት። ሰውየው መልአክ አልነበረም። ሲሰለቸው ይነጫነጫል፣ «ሰው ይህን ያህል ይከብዳል?» እያለ ያገላብጠዋል። ወርቅአፈራሁ ግን ዳነ። ተቀምጦ አጥሚት መጠጣት በቻለ ሰሞን አስካለ ገባች።

ጥቁር ለብሳለች፤ ፊቷን ነጭታዋለች። አጥናፉ ሞቷል። ባሏ በሕይወት መኖሩን አይታ አለቀሰች፤ ከዚያ ዓይኗ ካሣሁን ላይ ሲያርፍ ልቅሶዋ ተቋረጠ።

«ይህን ሰው ያስወጡልኝ» አለች። «ለብቻዎ የምነግርዎ አለ።»

ወርቅአፈራሁ ጎንበስ ብሎ ጓጉንቸሩን ከፈተ። «ካሣሁን፣ እስቲ እንጨት ለቃቅመህ ተመለስ» አለ። ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የገረመው። ይመለሳል አይመለስም ብሎ አላሰበም።

«አጥናፉ ነው» አለች አስካለ፣ በሩ ሲዘጋ።

«ምኑ?»

«በቅሎዋን የወሰደው። ነፍሱ ልትወጣ ስትል ነገረኝ። በማኅበሩ ፊት ሰካራም ብለው ከሰደቡት ወዲህ ቂም ይዞ ነበር። ሊያናድድዎ ወሰዳት፤ ኋላ ሲፈራ ለሰላሌ ነጋዴ ሸጣት። ያ ሰው እውነቱን ነው፤ አጥናፉ በጊዮርጊስ ምሎ ነው የተቀበለው።»

ወርቅአፈራሁ ጀርባውን ወደ ግድግዳው አስደገፈ።

«ዝም ይበሉ» አለች እጁን ይዛ። «ወንድሜን ትናንት አፈር አለበስኩት። ሌባ ነው፣ በታቦት የማለ ሌባ ነው ተብሎ በአራዳ ሲጠራ አልስማ። ማን ተዝካሩን ይበላል? ልጆቹንስ ማን ያገባል? ያ ሰው ማን አለው? የሚያፍርበት ዘመድ የለው፣ የሚጠፋ ስም የለው።»

«አርባ ጅራፍ ነው፣ አስካለ።»

«ይችለዋል። ስንቱን የቻለ ሰው ነው።»

«ጊዮርጊስን በሐሰት ልማል?»

«አባ ኃይለማርያም ንስሐ ይሰጡዎታል። ይጾማሉ፣ ይሰግዳሉ፣ ከአምላክዎ ይታረቃሉ። ሰው ሆኖ ያልበደለ ማን ነው?»

መንገዱ ተጠርጎ ተቀመጠለት። መግቢያም አለው፣ መውጫም አለው። ወርቅአፈራሁ ግን አንድ ነገር አእምሮው ውስጥ ተሰነቀረበት። ካሣሁን ወንዙን ተሻግሮ ቢሆን ኖሮ ማን ንስሐ ይሰጠው ነበር? ማንም። የጣለው ሰው እንደተጣለ ይቀር ነበር፤ በጾምም በስግደትም አይነሳለትም። ለዚህ ይሆን የተመለሰው? ይህን ለሚስቱ መናገር አልቻለም። የነጨችው ፊቷ ገና አልደረቀም።

ካሣሁን እንጨቱን ከደጅ ጥሎ ገባ። አስካለን አይቶ «ያጽናዎት፣ እመቤቴ» አለ። ፊቷን አዞረች። እሱ ግን ወደ ወርቅአፈራሁ ሄዶ፣ ሳይጠሩት፣ እጁን ዘረጋ።

«ይቆልፉ እንጂ» አለ።

ወርቅአፈራሁ ቆለፈ። በዚያን ቀን ዓይኑን አላየውም።

የጊዮርጊስ ዕለት ደረሰ። በሽታው ቀለል ብሏል፤ ከየሰፈሩ የሚቃጠለው ቆሻሻ ጭስ ግን ገና አልጠፋም። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲወጡ ያለወትሮው መንገዱ ሰፊ ነበር። ዳኛው ከስተው ግማሽ ሆነዋል። «ከሳሽ ሰገደለት» ያለውን ቀልደኛ ወርቅአፈራሁ በዓይኑ ፈለገው፤ ሞቷል አሉት። አስካለ ከሴቶቹ መካከል ቆማ ታየዋለች።

መስቀሉን ይዘው ደጁ ላይ የቆሙት አባ ኃይለማርያም የነፍስ አባቱ ናቸው። ሌላው ካህን ሲሸሽ እሳቸው አልሸሹም፤ ክርስቲያኑንም እስላሙንም ሲቀብሩ ሰንብተው መዳፋቸው በዶማ ተልጧል። ወርቅአፈራሁ መስቀል የሚሳለም መስሎ ጠጋ አለና በጆሯቸው ተናገረ።

«አባቴ፣ በኋላ ለንስሐ እመጣለሁ።»

«ለሠራኸው ነው ወይስ ለምትሠራው?» አሉ፣ እሳቸውም በሹክሹክታ።

ግንባሩን ከመስቀሉ አላነሳም።

«ለሠራኸው ና፣ እቀበልሃለሁ። ለምትሠራው ግን ቀብድ አልቀበልም።»

«ከሳሽ!» አሉ ዳኛው። «‹በቅሎዬን ይህ ሰው አጥፍቶብኛል፤ ሐሰት ብናገር ጊዮርጊስ ይፍረድብኝ› ብለህ መስቀሉን ምታ።»

ወርቅአፈራሁ ቀኝ እጁን አነሳ። ሰንሰለቱ የካሣሁንን እጅ አብሮ አነሳው። ሁለቱ እጆች ጎን ለጎን ወደ መስቀሉ ወጡ። ወርቅአፈራሁ ያንን ሌላውን እጅ አየው፤ ብረቱ የላጠውን፣ ቅሉን ይዞ ያጠጣውን። ካሣሁን አልለመነም፤ እንደተለመደው እጁ የሚሳብበትን ይጠብቃል። አስካለ ከወዲያ አንገቷን በልመና ዘንበል አድርጋለች።

«አልምልም» አለ ወርቅአፈራሁ።

«ምን?»

«አልምልም። የሆነውን ግን እናገራለሁ።»

«አንተም?» አሉ ዳኛው። «ቁራኝነቱ ሃይማኖትህን አስቀየረህ?»

«ሃይማኖቴ ያው ነው፣ ጌታዬ። ነገር ግን በዚህ ደጅ፣ በዚህ ስም አንድ ጊዜ በቅሎ ተሰርቆበታል። እኔ ደግሞ ሰው አልሰርቅበትም።» ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዞረ። «በቅሎዬን የወሰዳት የሚስቴ ወንድም አጥናፉ ነው። ምሎ ወሰዳት፤ ሲሞት ተናዘዘ። ይህ ሰው የተናገረው ሁሉ እውነት ነው።»

«ሳትምል በምን ልመንህ?»

«የገዛ ቤቴን በአደባባይ አዋረድኩ። ከዚህ የበለጠ ምን ልማልልዎ?»

አስካለ አልጮኸችም። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገችና ከሴቶቹ መካከል ወጣች። ወደ ቤቷ አልወረደችም፤ የጉለሌን መንገድ ያዘች። ወርቅአፈራሁ እስክትሰወር ድረስ በዓይኑ ሸኛት። ትመለስ እንደሆነ አያውቅም።

«ፍታው» አሉ ዳኛው።

ወርቅአፈራሁ በሰው ሁሉ ፊት ወገቡን አጠፈ። አንገቱን እስከ ካሣሁን እጅ አወረደ፤ የሳቀ ሰው አልነበረም። ቁልፉን ቢያሽከረክረው ጓጉንቸሩ እምቢ አለው። ያን ጊዜ የካሣሁን ሌላው እጅ ጉሮሮው ሥር ገባ። ወርቅአፈራሁ አልሸሸም። ጓጉንቸሩ ጠቅ አለ፤ ሰንሰለቱ መሬት ላይ ወደቀ።

ቀና ሊል ሲል ካሣሁን ትከሻውን ያዘው።

«ይቆዩ» አለ። «ያን ጊዜ ያላላሁት ማተብዎ ሊወድቅ ነው።»

ክሩን በሁለት እጁ ይዞ፣ እንዳያንቀው ጣቱን ከሥር አስገብቶ፣ ደህና አድርጎ ቋጠረለት። ከዚያ የተላጠ እጁን እያሻሸ፣ ባለ በቅሎዎች ወደሚወርዱበት ጥግ ሄደና እንደ ወትሮው ቆመ።